ዊንድ ተነሌ 13.5 ሜትር በሰከንድ ላይ ቆመ፤ ሞተሩን ልቀይር?

ነፋስ_ለኪ

ሰላም ለሁላችሁ። ከክፍሉ አየር ስቦ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቅ ትንሽ ዊንድ ተነል (ሞዴል ላይ ነፋስ እየነፋ የሚፈተንበት ቱቦ) ሠርቼ ፍጥነቱ አልወጣ ብሎኛል። የሙከራ ክፍሉ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የማጥበቢያው ጥምርታ (የመግቢያው ስፋት ለሙከራ ክፍሉ ስፋት) 9 ለ1 ሲሆን ከፊቱ ሃኒኮምብ (አየሩን ቀጥ የሚያደርግ የማር እንጀራ መሳይ ቀዳዳዎች) እና ሁለት ወንፊት አለ። ፕሮፔለሩ ከኋላ ሆኖ ይስባል። የምፈልገው 20 ሜትር በሰከንድ ነው፣ የማገኘው 13.5 ብቻ። በፒቶ ቲዩብ (የአየር ፍጥነት መለኪያ ቀጭን ቱቦ) እና በውሃ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ነው የለካሁት፤ ውሃው 11 ሚሊ ሜትር ይነሳል።

ዕቃዎቹ፦ የሞዴል አውሮፕላን ብራሽለስ ሞተር፣ 900 ዋት ተብሎ የተጻፈበት፣ ኬቪ (ባዶውን በአንድ ቮልት የሚዞረው ዙር በደቂቃ) 320። ባለ ሁለት ብሌድ ፕሮፔለር፣ 20 በ10 ኢንች። ፓወር ሰፕላይ 24 ቮልት 40 አምፔር፣ ኢኤስሲ (የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ባለ 80 አምፔር። ፕሮፔለሩ ያለበት ቱቦ የውስጥ ዲያሜትሩ 54 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሙከራ ክፍሉ እስከ ቱቦው ያለው ዲፊውዘር (እየሰፋ የሚሄደው ክፍል) 70 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል።

ስሮትሉን ወደ 60 በመቶ ሳደርሰው ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,800 ዙር ይዞራል፣ ፓወር ሰፕላዩ 26 አምፔር ያነባል። ሞተሩ በሾጣጣ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እጅ አያስነካም። ከ60 በመቶ በላይ ለመሄድ አልደፈርኩም።

ባለ 2,000 ዋት ብራሽለስ ልግዛ ወይስ ኢንዳክሽን ሞተር ከኢንቨርተር (ኸርትዙን በመለወጥ ፍጥነቱን ከሚቆጣጠር መሣሪያ) ጋር? ብራሽለስ ከሆነ ኬቪው ስንት ይሁን?

ባለ_ማኖሜትር

ገንዘብህን ያዝ። ሞተር የሚመረጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ፋኑ ስንት ፓስካል መፍጠርና ስንት ሜትር ኩብ አየር ማሳለፍ እንዳለበት ይታወቅ።

በ13.5 ሜትር በሰከንድ የሙከራ ክፍሉ ዳይናሚክ ግፊት (ከአየሩ ፍጥነት የሚመጣው ግፊት) 0.6 × 13.5 × 13.5 = 109 ፓስካል ነው (0.6 የአየር ጥግግት ግማሽ ነው)። ከ11 ሚሊ ሜትር ውሃህ ጋር ይገጥማል፣ ስለዚህ መለኪያህን አልጠራጠርም። በሰከንድ የሚያልፈው አየር 0.09 × 13.5፣ ማለትም 1.2 ሜትር ኩብ ነው። ደህና የተሠራ እንዲህ ያለ ተነል በጠቅላላው የሚያባክነው ከዳይናሚክ ግፊቱ ግማሽ አካባቢ ነው፤ ለጋስ ሆነን 0.6 እንበል። ያ 65 ፓስካል ነው፤ በ1.2 ሲባዛ አየሩ የሚፈልገው ወደ 80 ዋት ይሆናል። አንተ የምታስገባው 24 × 26 = 624 ዋት ነው። ስለዚህ ያነሰህ ኃይል አይደለም፤ የገባው ኃይል መንገድ ላይ እየቀረ ነው።

የት እንደሚቀር ለማወቅ አንድ ቀዳዳ ይበቃል። ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ የቱቦውን ግድግዳ በ1 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሳው። ከውስጥ በኩል የሚወጣውን ሸካራ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ትንሽ እንኳን ከቀረ ንባቡን ያዛባል። ከውጭ በኩል ቀጭን ቱቦ ለጥፈህ ከማኖሜትሩ አንድ እግር ጋር አገናኘው፣ ሌላው እግር ለክፍሉ አየር ክፍት ይሁን። የአንተ ፋን አየሩን የሚለቀው በዚያው በ54 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ የምታነበው ስበት ፋኑ ከሚፈጥረው ጠቅላላ ግፊት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ይህን በ109 ስታካፍለው የተነልህ የብክነት ቁጥር ይወጣል። 0.6 አካባቢ ከሆነ ጥፋቱ የፕሮፔለሩ ነው። 1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የተነሉ ነው።

ሳትለካም ግን ጥርጣሬዬ ዲፊውዘሩ ላይ ነው። 30 በ30 ካሬ በስፋት ከ33.9 ሳንቲ ሜትር ክብ ጋር እኩል ነው። ከዚያ ተነስተህ በ70 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 54 ስትደርስ የሁለቱ ግድግዳዎች አንግል ከ16 ዲግሪ ያልፋል። አየር ከ6 ወይም 7 ዲግሪ በላይ ሲከፈትበት ግድግዳውን ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ መሐሉ እየሮጠ ዳሩ ቆሞ ወይም ወደኋላ እየዞረ ፕሮፔለሩ ላይ ይደርሳል። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ የሱፍ ክሮች በዲፊውዘሩ ጫፍ ግድግዳ ላይ ለጥፍ። ክሩ ወደ ሙከራ ክፍሉ ዞሮ ከተመለከተ ወይም ዝም ብሎ ከተወራጨ ጉዳዩ አለቀ።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ክፍተቱ ነው። 20 ኢንች 50.8 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከ54 ቱቦ ጋር በዙሪያው 16 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ለዚህ መጠን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው። ፋኑ የገፋው አየር በዚያ ክፍተት ወደ ፊት ይመለሳል፣ ፋኑ ያንኑ አየር ደግሞ ደጋግሞ ይገፋል።

አሁን የሞተሩን ጥያቄ በቁጥር እንየው። ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ኩብ ነው። 20 ለ13.5 ሲካፈል 1.48፣ ኩቡ 3.25። የሞተሩና የኢኤስሲው ቅልጥፍና 75 በመቶ ከሆነ አሁን ሻፍቱ ላይ 470 ዋት ገደማ አለህ። ተነሉን ሳትነካ 20 ለመድረስ 1,530 ዋት ሻፍት ላይ ትፈልጋለህ። ተነሉ ቢስተካከል ግን 240 ፓስካል × 0.6 × 1.8 ሜትር ኩብ = 259 ዋት ለአየሩ፤ ፋኑ በ50 በመቶ ቅልጥፍና ቢሠራ 520 ዋት ሻፍት ላይ ይበቃል። ኮምፔንሳቶ ከሞተር ይረክሳል።

ብሎን_14

ባለ_ማኖሜትር ያለው ልክ ነው፣ ግን ሞተሩ የሚግልበት ምክንያት ብቻውን መታየት አለበት።

26 አምፔር የፓወር ሰፕላዩ ንባብ ነው፣ የሞተሩ አይደለም። ኢኤስሲው በ60 በመቶ ሲሠራ ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ከረንቱን ከፍ ያደርጋል። በቶርክ አስላው፦ 470 ዋት በ3,800 ዙር 1.18 ኒውተን ሜትር ነው። የሞተር ቶርክ በአንድ አምፔር 9.55 ሲካፈል በኬቪ ነው፤ በኬቪ 320 ወደ 0.03 ይሆናል። ስለዚህ ጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው ወደ 40 አምፔር ነው።

ኬቪ 320 በ24 ቮልት ባዶውን 7,700 ዙር ይዞራል። ስሮትሉን ሙሉ ብትከፍተው በዚያ ፕሮፔለር ወደ 6,000 ሊጠጋ ይሞክርና ይቃጠላል። ጭነት ላይ ያለ ሞተር ከባዶ ዙሩ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ነው የሚይዘው። 4,500 ዙር በ24 ቮልት ከፈለግህ 4,500 ሲካፈል ለ24 × 0.78፣ ኬቪ 240 ይወጣል። ያን ያዝ፣ ሙቀቱም ይቀንሳል።

ሽፋኑንም ክፈተው። እነዚህ ሞተሮች በፕሮፔለሩ ነፋስ እንዲቀዘቅዙ ነው የተሠሩት። የተጻፈው 900 ዋትም ለጥቂት ደቂቃ በረራ የሚባል ቁጥር ነው፤ ለሰዓታት ለሚዞር ተነል ግማሹን ብቻ ቁጠር። ሾጣጣው ጫፍ ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ከኋላው ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ መውጫ አበጅለት።

የኢኤስሲው ሴቲንግ፦ ብሬኩን አጥፋው። ብሬክ ካለ ስሮትሉን ስትቀንስ ፕሮፔለሩ ጄነሬተር ይሆንና ከረንት ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይመልሳል፤ ሰፕላዩ ኃይል መቀበል ስለማይችል ቮልቴጁ ይወጣና ራሱን ያጠፋል። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲሆን የሚያቋርጠውንም አጥፋ፣ ባትሪ ስለሌለህ የሴል ቁጥር በስህተት ይገምታል። ገመድ ማስረዘም ካለብህ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስቱን አስረዝም፤ ከሰፕላዩ ወደ ኢኤስሲ ያሉት ሁለቱ አጭር ይሁኑ። እነሱ ሲረዝሙ የኢኤስሲው ካፓሲተሮች ናቸው የሚጎዱት።

ስታር_ዴልታ

ብሎን_14፣ አንድ ነገር ላርም። ያው መጠን ያለው ሞተር ኬቪው ቢቀንስ የሞተሩ ሙቀት አይቀንስም። ኬቪ ዝቅ የሚለው ጥቅልሉ ብዙ ዙር በቀጭን ሽቦ ሲጠቀለል ነው፤ ከረንቱ በግማሽ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ለአንድ ዓይነት ቶርክ የመዳቡ ብክነት እዚያው ይቀራል። የሚቀዘቅዙት ኢኤስሲውና ገመዶቹ ናቸው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ወይ የሚጠየቀው ቶርክ ማነስ ነው፣ ወይ ተለቅ ያለ ሞተር ነው፣ ወይ ደግሞ አየር። የሽፋኑ ምክር ግን ወርቅ ነው።

ለእኔ ዋናው ስህተት የሞዴል አውሮፕላን ፕሮፔለር ለተነል መጠቀም ነው። ፕሮፔለር የተሠራው በነጻ አየር ውስጥ እንዲበር ነው፤ እዚህ ግን የሚጠየቀው ግፊት ነው። ሁለት ቀጫጭን ብሌድ በዚያ ሁሉ ስፋት ግፊት ለመፍጠር ያለው ምርጫ በጣም መፍጠን ብቻ ነው። በ3,800 ዙር ጫፉ 101 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል፤ የምትሰማው ጩኸት እሱ ነው። ወደ እምብርቱ የተጠጋው የብሌድ ክፍል ደግሞ ባለህ የአየር ፍጥነት አንግሉ ስለሚበዛበት ስቶል ውስጥ ነው (አየሩ ብሌዱን ለቆታል)፤ አየሩን ያሽከረክራል እንጂ አይገፋም።

ባለ 6 እስከ 9 ብሌድ የሆነ 50 ሳንቲ ሜትር አክሲያል ፋን ብትይዝ ይህንኑ ግፊት በ1,400 ዙር ይሰጥሃል። ጫፉ 37 ሜትር በሰከንድ ብቻ ነው። 1,400 ዙር ደግሞ ባለ 4 ፖል ኢንዳክሽን ሞተር በ50 ኸርትዝ ጭኖ የሚዞርበት ነው፤ ቺንጋም ጊርም ሳያስፈልግ በቀጥታ ሻፍቱ ላይ ይገባል። 520 ዋት በ1,400 ዙር 3.5 ኒውተን ሜትር ነው። ባለ 0.75 ኪሎዋት ሞተር 5.1 አካባቢ አለው። ባለ 0.55ም ቁጥሩን ይደርሳል፣ ግን ግምታችን 10 በመቶ ከሳተ ትርፍ አይኖርህም።

ብሌዱ አንግሉ የሚስተካከል ከሆነ እንዲህ ጀምር። በ20 ሜትር በሰከንድ ፋኑ ጋ አየሩ ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል። ከመሐል ወደ ጫፍ ሦስት አራተኛው ላይ ብሌዱ 27.5 ይሄዳል። የአየሩ አንግል 20 ዲግሪ ይሆናል፤ 5 ጨምርበትና 25 ዲግሪ ላይ እሰረው። ሁሉም ብሌድ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ እኩል ይሁን፣ አለበለዚያ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በ50 ኸርትዝ ከረንቱን ለካ፦ ከሞተሩ ሳህን (መረጃው ከተጻፈበት ብረት) ቁጥር በታች ብዙ ከሆነ አንግሉን ጨምር፣ ካለፈ ቀንስ።

ኢንቨርተሩ ባለ 0.75 ኪሎዋት ሆኖ መግቢያው አንድ ፌዝ 220 ቮልት ከሆነ የሚያወጣው ሦስት ፌዝ 220 ነው። የሞተሩ ሳህን 230/400 የሚል መሆን አለበት፣ ተርሚናሉም በዴልታ ይታሰር (ስታርና ዴልታ ሦስቱ ጥቅልሎች የሚያያዙባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው)። በስታር ከተውከው ቶርኩ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን 30 ኸርትዝ አካባቢ ላይ መጎተት ይጀምርና ይግላል። ሳህኑ 400/690 የሚል ሞተር ለዚህ ኢንቨርተር አይሆንም።

ሴቲንጉ፦ የሞተር ከረንት ከሳህኑ የዴልታ ቁጥር፣ የጭነት ዓይነት ፋን፣ መነሻ ጊዜ 15 ሰከንድ፣ ማቆሚያው በራሱ እንዲቆም። ዝቅተኛ ዙር ላይ ስለ ማቀዝቀዣው አትጨነቅ፤ የፋን ጭነት በኩብ ስለሚወርድ በ25 ኸርትዝ የሚፈለገው ኃይል አንድ ስምንተኛ ነው።

አንድ ችግር ግን አለ፣ ሳይነገርህ እንዳትቀር። ኢንቨርተር ሎድ ሴል (የኃይል መለኪያ ሴንሰር) ያሳብዳል። ሞዴል ላይ ኃይል የምትለካ ከሆነ የሞተሩ ኬብል ሽፋኑ የተጠለፈ ሽቦ ያለው ይሁን፣ ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ኧርዝ ይታሰር፣ ከሲግናል ገመድ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ለሎድ ሴሉ የምትጠቀመውን ሰፕላይ ከኢንቨርተሩ ሶኬት አትሰካ።

ጎማ_ቱቦ

ከትሬድሚል የወጣ ዲሲ ሞተርስ?

ስታር_ዴልታ

ይሠራል። ቶርኩ ጥሩ ነው፣ ከ90 ቮልት ዲሲ በላይ ይፈልጋል፣ ከራሱ ኮንትሮለር ጋር ካገኘኸው ይበቃል። ብዙዎቹ ሻፍታቸው የግራ ጥርስ ስላለው ሞተሩን ገልብጠህ ስታዞረው ፋኑ ራሱን ይፈታል፤ በቁልፍ ወይም በሌላ ብሎን አስረው። ካርቦኑ ይበላል፣ የኤሌክትሪክ ጫጫታም አለው። የድሪልና የቫኩም ክሊነር ሞተር ግን አትሞክር፤ ጭነቱ ትንሽ ሲለዋወጥ ዙሩ ይለዋወጣል፣ ፍጥነት በ1 በመቶ ውስጥ ማቆየት አይቻልም።

ነፋስ_ለኪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ክሩ እንደተባለው ወደኋላ ዞረ። ቀዳዳው ላይ የመጀመሪያው ንባብ 12 ሚሊ ሜትር ውሃ ነበር፣ 118 ፓስካል፤ ለ109 ሲካፈል 1.08።

ቱቦውን ውስጡን በፎም ቀለበት ወደ 51.4 ሳንቲ ሜትር አጠበብኩት፣ ክፍተቱ 3 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዲፊውዘሩን 1 ሜትር ከ70 አደረግሁት። የሞተሩን ሽፋን ከፈትኩ። ሞተሩም ፕሮፔለሩም እነዚያው ናቸው፣ ከረንቱም 26 አምፔር ነው።

ፒቶው አሁን 18 ሚሊ ሜትር ይላል፣ ይህ 17.2 ሜትር በሰከንድ ነው። ያልገባኝ ግን ቀዳዳው ላይ አሁንም 12 ሚሊ ሜትር ነው የማነበው። ምንም ካልተለወጠ ፍጥነቱ ከየት መጣ?

ባለ_ማኖሜትር

መለወጥ ያለበት 12 አልነበረም። ፕሮፔለሩ በዚያው ዙር የሚፈጥረው ግፊት ብዙም አይለወጥም፤ የተለወጠው በዚያ ግፊት የሚያልፈው አየር ነው። ፊት 118 ለ109 ነበር። አሁን 118 ለ177 ነው፣ 0.67። በሰከንድ የሚያልፈው አየር ከ1.2 ወደ 1.55 ሜትር ኩብ ወጣ፣ ለአየሩ የሚደርሰውም ከ143 ወደ 182 ዋት። ሻፍቱ ላይ ያለው አሁንም 470 ከሆነ ፕሮፔለሩ ከ30 በመቶ ወደ 39 በመቶ ቅልጥፍና ተሻሻለ ማለት ነው፣ አየሩ ተስተካክሎ ስለደረሰው።

ቦታ ለማይበቃው ሌላ አንባቢ፦ 1.7 ሜትር ከሌለህ በአጭር ዲፊውዘር ውስጥ ሁለት ቀጭን ኮምፔንሳቶ በመስቀል አቁም። አራት ጠባብ ዲፊውዘር ይሆኑና አንግሉ በግማሽ ይወርዳል። የሰሌዳዎቹን ፊት አክብበው።

ከ17.2 ወደ 20 ያለው ኩብ 1.58 ነው። በዚህ ፕሮፔለር 740 ዋት ሻፍት ላይ ማለት ነው፣ ያ ሞተር ደግሞ ለሰዓት አይችለውም። እዚህ ላይ ነው ስታር_ዴልታ ያለው ፋን የሚገባው፦ 160 ፓስካል፣ 1.8 ሜትር ኩብ፣ 290 ዋት ለአየሩ፣ በ50 በመቶ 580 ዋት። ባለ 0.75ቱ ይችለዋል። የፋኑ ዲያሜትር 50 ከሆነ ክፍተቱ 7 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን ፎሙን እንደገና አጥብበው።

1.2 ጥግግት የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ 1.0 ገደማ ነው፤ የብክነቱ ቁጥር አይነካም፣ ማኖሜትሩን ወደ ፍጥነት ስትቀይር ግን 0.6ን በ0.5 ተካው።

ብሎን_14

ስለ ጥቅልሉ ስታር_ዴልታ ትክክል ነው፣ ተቀብያለሁ። ኢንዳክሽኑን ስትገጥም ሞተሩ ብቻውን ከወለሉ በቆመ ብረት ላይ ይቀመጥ፤ ዲፊውዘሩንና የፋኑን ቱቦ በብሎን አታያይዛቸው፣ በሸራ ወይም በቀጭን ጎማ እጅጌ አገናኛቸው። ያለዚያ የ23 ኸርትዙ ንቅናቄ ቀጥታ ሎድ ሴሉ ላይ ይመጣል። ከፋኑ ፊት 10 ሚሊ ሜትር ዓይን ያለው የሽቦ መረብ አድርግ፤ ሞዴል ሲነቀል መጀመሪያ የሚያገኘው ብሌዱን ነው።

እና የተነሉን መግቢያ በካርቶን ዘግተህ አታስነሳ። አክሲያል ፋን እንደ ሴንትሪፉጋል አይደለም፣ አየር ሲዘጋበት የሚወስደው ኃይል ይጨምራል። ኢንቨርተሩ በከረንት ካቋረጠ መጀመሪያ ሃኒኮምቡ ላይ ወረቀት ወይም አቧራ እንዳልተለጠፈ እይ።

ነፋስ_ለኪ

መረቡ ከፋኑ ምን ያህል ይራቅ?

ብሎን_14

ከብሌዱ ስፋት ሁለት እጥፍ፣ ለአንተ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ከተጠጋ እያንዳንዱ ብሌድ የሽቦውን ጥላ ሲያልፍ ያፏጫል። ቀዳዳህ ከመረቡ ኋላ እንዳይቀር፣ ከመረቡ ፊት ወስደህ አዲስ ብሳ፤ አለዚያ የመረቡ ብክነት ከተነሉ ብክነት ጋር ይደባለቅብሃል።